ሁለት ራውያ መግረቢ

ባሕሩ ከግንቡ ዘሎ መንገድ ላይ በወጣበት በዚያ የጥር ጠዋት፣ ዶክተር ራውያ መግረቢ የቢሮዋን መስኮት ስንጥቅ በጋዜጣ ወትፋ ሻይዋን ትጠጣ ነበር። የእስክንድርያ ሰው ለየማዕበሉ ስም አለው፤ የዚያን ሳምንቱን «ታላቁ ሙላት» ይለዋል። ታላቁ ሙላት ሲመጣ ትራሙ ይዘገያል፣ ተማሪው ይቀራል፣ መብራቱ ጠፋ በራ ይላል፣ አስተማሪውም ብቻውን ተቀምጦ ዓይኑን እንደገለጠ ሲያልም ይውላል። ራውያ ደግሞ ማዕበል ባይኖርም ከማለም የማትቦዝን ሴት ነበረች።

ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል። አላገባችም፤ ባኮስ ሰፈር ከአባቷ ከሐጂ ሸሓታ ጋር ትኖራለች። ሙያዋ ተራርቀው የተቀመጡ ኮምፒውተሮች እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ማጥናት ነው። አንዱ እዚህ፣ ሌላው ባሕር ማዶ ሆኖ፣ መልእክቱ እየዘገየ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ እየጠፋ፣ ከመካከላቸውም አንዱ ድንገት እየሞተ፣ በምን ዘዴ በአንድ ነገር ይስማማሉ? በዚህ ጥያቄ ፀጉሯን አሽብታለች። ያሳተመቻቸው ጽሑፎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በየሥራቸው የጠቀሱላት ተመራማሪዎችም እንደዚያው። ከሁሉ የምትወደውን ጽሑፏን ደግሞ ማንም ጠቅሶላት አያውቅም። ራሷ እንኳ ልትጠቅሰው ታፍር ነበር፤ የገዛ ልጅን በሰው ፊት ማሞገስ እየመሰላት።

የምታስተምርበት ኢንስቲትዩት በየዓመቱ በጥር መምህራኑን «ምን አሳተማችሁ? ስንት ሰውስ ሥራችሁን ጠቀሰ?» ብሎ ይጠይቃል። እሷም እንደ ወትሮው ያችኑ ትንሽ ቁጥር ለመቅዳት፣ የተመራማሪዎችን ሥራ የሚሰበስበውን ድረ ገጽ ከፈተች። ስሟ አለ። ፎቶዋም አለ፤ ፀጉሯ ገና ሳይሸብት የተነሳችው። ከፎቶው በታች ያለው ግን ሌላ ነገር ነበር። የጽሑፎቹ ርዕስ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። የተጠቀሰችበት ብዛት በሺዎች ሆኗል።

የመጀመሪያ ሐሳቧ «ስህተት ነው» የሚል አልነበረም። «ጽፌ ረሳሁት እንዴ?» ነው ያለችው። ይህን ማለቷ እንደ እብደት ሊቆጠር ይችላል፤ ግን ርዕሶቹን አንድ በአንድ ስታነባቸው፣ ትራም ውስጥ ተቀምጣ መስኮቱን ስታይ በሐሳቧ መጥተው የሄዱትን ነገሮች ይመስሉ ነበር። አንዱ ስለሚዋሹ ማሽኖች ነው። አንዱ ማንም ሳያዛቸው ስለሚስማሙ ማሽኖች ነው። ውጭ ባሕሩ ግንቡን እየደበደበ፣ እሷ ጣቷን ማያው ላይ አድርጋ፣ ያልኖረችውን የገዛ ሕይወቷን የምታነብ ያህል ተሰማት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ያነቃት አንድ የምታውቀው ርዕስ ነው። ያንን ጽሑፍ ከብዙ ዓመት በፊት ራሷ ጠቅሳዋለች። ጸሐፊው «ር. መግረቢ፣ ሰፋቂስ፣ ቱኒዚያ» ተብሎ ብቻ ስለተጻፈ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ሁሌ የሚቆጣ ሽማግሌ አድርጋ ስትስለው ነበር የኖረችው። አሁን ሙሉ ስሙ ተጽፎ አየችው። ራውያ መግረቢ። ሽማግሌ አይደለም፤ ሴት ናት። ድረ ገጹ ሁለቱን ሴቶች አንድ ሰው ናቸው ብሎ፣ የሰፋቂሷን ሴት ሥራ ሁሉ አምጥቶ እስክንድርያ ላይ ጭኖታል።

ወዲያው ተነስታ ወደ ኢንስቲትዩቱ ኃላፊ ወደ ዶክተር ኢስማት ባህጋት ቢሮ ወጣች። ዶክተር ባህጋት ወፍራም፣ ሽቶ የማይለያቸው፣ ሲደሰቱም ሲናደዱም ጠረጴዛ የሚመቱ ሰው ናቸው። ገና በሩን ስትከፍት ጠረጴዛውን መቱት።

«መጣች! ንግሥቲቱ መጣች! ግቢ፣ ግቢ እንጂ ዶክተር ራውያ!»

«ዶክተር፣ አንድ ችግር ተፈጥሯል።»

«ዛሬ ችግር የሚባል ነገር በዚህ በር አይገባም። ከካይሮ ደውለውልኛል፣ ታውቂያለሽ? ኢንስቲትዩታችን በደረጃ ከስንቱ በላይ እንደዘለለ ታውቂያለሽ? በአንቺ ነው! አንቺ ዝም ብለሽ ጥግሽን ይዘሽ፣ ለካ ዓለም ሁሉ አንቺን ነው የሚያነበው!»

«እኔን አይደለም። ሌላ ሴት ናት፤ ቱኒዚያዊት። ስማችን አንድ ስለሆነ ድረ ገጹ ቀላቅሎን ነው።»

ዶክተር ባህጋት መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ስምሽ ራውያ መግረቢ አይደለም?»

«ነው።»

«ፎቶው ያንቺ አይደለም?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?»

«ጽሑፎቹን የጻፍኳቸው እኔ አይደለሁማ!»

ሰውየው ተነፈሱ። በሩን ራሳቸው ሄደው ዘጉት። «ስሚኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አመልክቺ። እንዲያርሙት ጻፊላቸው፤ አልከለክልሽም። እስኪያርሙት ድረስ ግን ያለው አለ። ሰው ደስ ሲለው እኔ ነኝ እንዴ ማስታወቂያ አውጥቼ የማስለቅሰው? ደግሞ ጨርቁ ታትሟል።»

«የምን ጨርቅ?»

የምን ጨርቅ እንደሆነ ከሰዓት በኋላ አየችው። ከበሩ ቅስት ላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ እስከ አንደኛው የሚወርድ ሰፊ ጨርቅ ላይ ፊቷ ታትሟል፤ ከሥሩ «እንኳን ደስ ያለን» ተብሎ ተጽፏል። ነፋሱ ጨርቁን ሲነፋው ጉንጯ ያብጣል፣ ሲለቀው ይሟሽሻል። ጥበቃው ተነስቶ እጅ ነሳት። ዝናቡን ሸሽተው ከቅስቱ ሥር የተጠለሉ ተማሪዎች ስታልፍ ወሬያቸውን አቋረጡ። ራውያ አንገቷን ደፍታ፣ የሰው ኮት በስህተት ለብሳ እንደወጣች ሰው እየፈጠነች ወደ ትራሙ ሄደች።

ለድረ ገጹ ጻፈች። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ደግማ ጻፈች። ያው መልስ መጣ። ሦስተኛ ስትጽፍ ማመስገናቸውን ትተው «ደርሶናል» ብቻ አሏት።

አባቷ ሐጂ ሸሓታ ወሬውን የሰሙት ከቡና ቤት ጓደኞቻቸው ነው። በጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትራም ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከሰፈር አይርቁም። ያን ቀን ግን ከዘራቸውን ይዘው በትራም ሄደው ጨርቁን አይተው ተመለሱ። ራውያ ቤት ስትገባ ሶፋው ላይ ተቀምጠው በኩራት ጠበቋት።

«ባባ፣ ያዩት ነገር እውነት አይደለም» አለቻቸው ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። ሁሉንም ነገረቻቸው።

እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ፎቶውስ?»

«ፎቶው የኔ ነው።»

«እኔ ምን ቁጥር አውቃለሁ ብለሽ ነው? ፎቶውን ነው ያየሁት። ልጄ ተሰቅላ አየሁ፤ አለቀ።» ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉት። «አፍንጫሽን ግን አበላሽተውታል። የናትሽን አፍንጫ እንዲህ ያደረገውን ሰው ባገኘው...»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንደ ሕልም አለፉ። ማዕበሉ በረደ፤ በምትኩ ከባሕሩ ላይ ስስ ጉም እየተነሳ ከተማዋን ይሸፍን ጀመር። ጠዋት ጠዋት ትራሙ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ ከዚያ ሰማያዊ አካሉ ይታያል። ራውያ የትራሙ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወጥታ መስኮት ሥር ትቀመጥና የሌላዋን ራውያ ጽሑፎች ታነባለች። የመጀመሪያውን ያነበበችው እንደ ዕዳ ቆጥራው ነበር፤ በስሜ ከተጫነብኝ ምን እንደሆነ ልወቀው ብላ። ሁለተኛውን በጉጉት አነበበች። ከዚያ በኋላ መውረጃዋን እያለፈች እስከ መጨረሻው ጣቢያ መሄድ ልማድ ሆነባት።

ሴትዮዋ የምትጽፈው እንደ ሌላው ተመራማሪ አልነበረም። ከባድ የሂሳብ ማረጋገጫ እየጻፈች መሃል ላይ ድንገት «አንባቢ እዚህ ጋ ደክሞት ከሆነ ደግ ነው፤ እኔም ደክሞኛል» ትላለች። አንዱን ዘዴዋን ካብራራች በኋላ «ቆንጆ አይደለም፤ ግን ይሠራል፤ እንደ ወንድሜ መኪና» ብላለች። ራውያ ትራም ውስጥ ብቻዋን ሳቀች፤ አጠገቧ ዓሣ በከረጢት የያዘች ሴት ዞር ብላ አየቻትና አብራት ሳቀች። የሰውን ድምፅ በወረቀት ላይ እንዲህ ሰምታ አታውቅም። ቀስ በቀስም የዚያች ሴት ድምፅ በገዛ ሐሳቧ ውስጥ መናገር ጀመረ። ገበያ ላይ ብርቱካን ስትመርጥ፣ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ስታነሳ፣ «ቆንጆ አይደለም፤ ግን ይሠራል» ይላታል።

በመጨረሻ ዓለም ሁሉ ወደሚጠቅሰው ወደ ትልቁ ጽሑፍ ደረሰች። ከማብቂያው ላይ ጸሐፊዋ አንድ ጥያቄ ትታለች። ማሽኖቹ ስም ባይኖራቸውስ? ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑ፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ ምንም ምልክት ባይኖር፣ እንዴት ተለያይተው ይተዋወቃሉ? «ይህን አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ» ይላል ዐረፍተ ነገሩ።

ራውያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ትራሙ ካምብ ሺዛር ጣቢያ ቆሟል፤ ጉሙ መስኮቱን እየላሰው ነው። የሚያውቅ ነበረ። ማንም ያልጠቀሰላት፣ በአንድ ትንሽ መጽሔት ውስጥ ተቀብሮ የቀረው የምትወደው ጽሑፏ መልሱ ነበር። ቢያንስ ግማሹ።

ሐሳቡ የመጣላት ከአባቷ ነው። ልጅ ሆና ጣቢያ ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው ትራሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ቁጥራቸውም በርቀት አይነበብም። የአባቷን ግን ሁሌ ታውቀዋለች፤ በአዘገያየቱ። ሐጂ ሸሓታ ለሽማግሌ ይቆማሉ፣ ለነፍሰ ጡር ይቆማሉ፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጡ አይሄዱም፤ ስለዚህ መዘግየታቸው የሳቸው ብቻ ነበር። ራውያ አድጋ የጻፈችውም ይህንኑ ነው። ስም የሌላቸው ማሽኖች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይዘገያሉ። መዘግየታቸውን በደንብ ያዳመጠ ስማቸውን ያገኘዋል።

ለሰፋቂሷ ሴት ልትጽፍ ብዙ ጊዜ ጀምራ ተወችው። ምን ብላ ትጀምራለች? «ክብርት ሆይ፣ ሥራዎ ሁሉ እኔ ጋ ነው»? እንዲህ ስታመነታ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮዋ ውስጥ የፈተና ወረቀት እያረመች ሳለ ስልኳ ጠራ። የማታውቀው የውጭ ቁጥር ነው።

«አሎ! ራውያ መግረቢ ነሽ?» ወፈር ያለ፣ የሚቸኩል የሴት ድምፅ ነው።

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ራውያ መግረቢ ነኛ! አንቺ ነሽ እንዴ የበላሽኝ?»

ራውያ ብድግ ማለቷን ያወቀችው ወንበሩ ከኋላዋ ሲወድቅ ነው። «እመቤቴ... በአላህ... እኔ ልጽፍልዎ... ብዙ ጊዜ አመልክቻለሁ፣ አልሰሙኝም...»

«ቀስ በይ፣ ቀስ በይ፤ እናንተ ግብፆች ስትናገሩ ፊልም ነው የሚመስለኝ፤ የምታለቅሺ መስሎኝ ልቤ ይርዳል።» ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሳቋ በሳል ተቋረጠ። «ምን እንደሆንኩ ልንገርሽ? ለአንድ ሽልማት አጭተውኝ ነበር። ዳኞቹ ገጼን ሲከፍቱት ባዶ! ራውያ መግረቢ፣ ሰፋቂስ፦ ምንም ያልጻፈች፣ ማንም ያላነበባት። ልጄ ‹እማዬ፣ ሞተሽ ነው እንዴ?› ብሎ ደወለልኝ።»

«ይቅርታ፤ በጣም ይቅርታ። ሽልማቱስ?»

«ለሌላ ሰጡት። እግዜር ይባርክለት፤ ሁለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ይጠቅመዋል። እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ቅልል አለኝ። ማንም አይደለሁማ! ለማንም መልስ የለብኝም። ከስንት ዓመት በኋላ እስኪበቃኝ ተኛሁ። አንቺስ? ዝናው እንዴት ይዞሻል?»

«ይጠበኛል» አለች ራውያ ሳታስበው። «የሰው ጫማ ነው።»

ከዚያ ነገሯ ሁሉ ተዘረገፈ። ጨርቁን፣ አባቷ ስለ አፍንጫዋ ያሉትን፣ ትራም ውስጥ ያሳቃትን ያንን «እንደ ወንድሜ መኪና» የሚለውን ሳይቀር ነገረቻት። ሴትዮዋ ስለ መኪናው ስትሰማ ጮኸች፦ «እሱን አነበብሽው! ያንን ዐረፍተ ነገር አርታኢዎቹ ሦስቴ አውጥተውት ሦስቴ መለስኩት! በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲጠቅሰኝ ስለ መኪናው ያነሳልኝ አንድ ሰው የለም። አንብበውኝ ነው ወይስ ቆጥረውኝ ብቻ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ።»

«ከማብቂያው ላይ አንድ ጥያቄ ትተው ነበር...» አለች ራውያ። «የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ ብለው።»

«እህ?»

«እኔ አንድ ነገር ጽፌ ነበር። የድሮ ነው። ምናልባት...»

«ላኪው» አለችና ዘጋችው።

ራውያ ላከችው። ቀናት አለፉ፤ መልስ የለም። ጉሙ ተገፈፈ፤ መንገድ ላይ የስኳር ድንች ጠባሾች ጋሪያቸውን ይዘው ወጡ። ራውያ ስልኳን እያየች «አልወደደችውም፤ ስህተት አግኝታበታለች» ማለት ጀመረች። ከዚያ አንድ ጠዋት አጭር መልእክት ገባ። «ሁለተኛው ማረጋገጫሽ አስቀያሚ ነው። ግን ይሠራል። ሦስተኛው ያሳዝናል፤ እዚያ ጋ ደክሞሽ ነበር፤ አብረን እናድነው። መጣሁ።»

ዶክተር ባህጋት በዚያው ሰሞን ለራውያ የክብር ቀን ቆርጠውላታል፤ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ንግግር እንድታደርግም ታዝዛለች፤ እድገት እንደሚሰጣትም ነግረዋታል። እምቢ ልትል ነበር። መልእክቱን ካነበበች በኋላ ግን ወደ ቢሯቸው ሄዳ «እሺ፣ እናገራለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም ጠረጴዛውን መቱ።

እንግዳዋ ከካይሮ በባቡር ሲዲ ጋቢር ጣቢያ ደረሰች። ሁለቱም በሰው መሃል እኩል «ራውያ!» ብለው ተጣሩና እኩል ሳቁ። አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ፀጉሯን በወንድ አቆራረጥ የተቆረጠች፣ ስልሳዎቹን የገፋች ሴት ናት። ሻንጣዋ ሲያነሱት ይከብዳል፤ ግማሹ በቆርቆሮ የታሸገ፣ ሐሪሳ የሚሉት የአገሯ የበርበሬ ድልህ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ» አለቻት ራውያ።

«‹መጡ›ን ተይኝ። በገዛ ስሜ ‹እርስዎ› የሚለኝ ሰው ያስፈራኛል። አንቺ በይኝ።»

ቤት ሲገቡ ሐጂ ሸሓታ ተነስተው ተቀበሏት። ዓሣና ሩዝ ቀርቦ ነበር። እንግዳዋ ከሐሪሳው አንድ ማንኪያ ለሽማግሌው ሳህን ላይ ጣል አደረገችላቸው፤ ሐጂው ቲማቲም መስሏቸው ጎረሱት። ዓይናቸው በእንባ ተሞላ፤ ግን ለእንግዳ ክብር ሲሉ ዋጡት። ውሃ ጠጥተው ለእሷም አቀበሏት፤ እሷም፣ ግብፅ ውስጥ ለምስጋና በማይባል በአገሯ አነጋገር፣ «ያኑርዎት» ብላ አመሰገነቻቸው።

ሐጂ ሸሓታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምን አለች? ልትገድለኝ ነበር እንዴ?»

«ማመስገኗ ነው ባባ።»

«በሐሪሳው ገድላኝ በአፏ ታኖረኛለች!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። እንግዳዋ እስክትሳል ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው «ራውያ!» ብለው በተጣሩ ቁጥር ከሁለት ክፍል ሁለት «አቤት» ይመጣላቸው ጀመር፤ ይህ በጣም ስላስደሰታቸው ያለ ጉዳይም ይጠሩ ነበር።

የክብሩ ቀን አዳራሹ ሞላ። ዶክተር ባህጋት ስለ ራውያ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ቁጥሩንም ሲጠሩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ከዚያ እሷ ወጣች። ከመድረኩ ላይ ሆና ስታይ መብራቱ ዓይኗን ወግቷት ሰው ሁሉ የጉም ውስጥ ጥላ መሰላት። አልፈራችም። ትራም ውስጥ ያለች ያህል ነበር።

«በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የጠቀሷቸውን ሥራዎች የጻፈችው ራውያ መግረቢ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች» አለች።

ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ «እኔ አይደለሁም» አለች። የሳቀ አለ፤ ትሕትና መስሎት ደግሞ ያጨበጨበም አለ። «ትሕትና አይደለም። ስማችን አንድ ስለሆነ ነው የተሳሳቱት። ጸሐፊዋ እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አባቴ አጠገብ ተቀምጣለች።»

የሰፋቂሷ ራውያ ተነሳች። ዶክተር ባህጋት ፊታቸው ቀልቶ ከወንበራቸው ግማሽ ብድግ ብለው ቀሩ። እንግዳዋ ዞር ብላ ሕዝቡን እያየች በረጅሙ ተነፈሰች።

«እሷ እውነቷን ነው» አለች። «ግን አንድ ነገር ዘለለች። እኔ አንድ ጥያቄ ለዓመታት ለዓለም ጠይቄ ነበር። የጠቀሱኝ ሁሉ አልመለሱልኝም። መልሱን ጽፋ አስቀምጣው የነበረችው እሷ ናት፤ ማንም ደግሞ አላነበባትም። እኔም ጭምር። ስለዚህ የምታጨበጭቡ ከሆነ እጃችሁን አታውርዱ።»

ጭብጨባውን እንደገና የጀመሩት ሐጂ ሸሓታ ናቸው፤ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። ተማሪዎቹ ተከተሉ። ዶክተር ባህጋትም ብልህ ሰው ስለሆኑ ቶሎ ብለው መድረክ ላይ ወጡና «አንድ ብለን ሁለት አገኘን!» አሉ። ጨርቁ ግን በማግስቱ ወረደ። እድገት ይሰጥሻል የተባለችውም ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሳችም፤ ራውያም አላነሳችባቸውም።

እንግዳዋ ለጥቂት ቀን ብላ መጥታ ወር ሙሉ ቆየች። ጠዋት ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተው፣ ብርቱካን እየላጡ ይከራከራሉ። ደካማውን ሦስተኛ ማረጋገጫ አፈረሱት፤ በቦታው ሌላ ለማቆም ሲለፉ ከረሙ። አንዷ የጀመረችውን ሐሳብ ሌላዋ ትጨርሰዋለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ይቀራል። ራውያ እንዲህ ያለ ደስታ መኖሩን አታውቅም ነበር። እስካሁን ብቻዋን ስታወራ የኖረችው ነገር ድንገት መልስ ሰጣት።

ሲጨርሱ ራውያ ብዕሯን አንስታ «የማንን ስም እናስቀድም?» አለች።

«የራውያ መግረቢን።»

«እሺ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያ የራውያ መግረቢን!»

የመጽሔቱ አርታኢ ከሳምንታት በኋላ በትሕትና መለሰ። የአንዷ ጸሐፊ ስም በስህተት ሁለት ጊዜ ስለተጻፈ አንዱን አጥፍቼዋለሁ አላቸው። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ከእስክንድርያ አንዷ ከሰፋቂስ፣ በስልክ ሲስቁ ዋሉ። የየፓስፖርታቸውን ፎቶ ልከው ነው ያሳመኑት።

ድረ ገጹ በፀደይ ተስተካከለ። ማንም ሳይነግራት አንድ ቀን ስትከፍተው የሰው ሥራ ሁሉ ሄዶ የሷው ጥቂት ጽሑፎች ብቻ ቀርተዋል። ትንሽ ቆማ አየችው። እንግዶቹ የሄዱለትን ቤት ይመስላል፤ ጸጥ ያለ፣ ሰፊ። አልከፋትም አይባልም፤ ቅር ብሏታል። ግን ጽሑፎቹን ከላይ እስከ ታች ስታያቸው፣ እያንዳንዱን የት ተቀምጣ እንደጻፈችው ታስታውስ ነበር። አዲሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። እስካሁን የጠቀሰው የለም።

በበጋ ራውያ ወደ ሰፋቂስ ሄደች። ከዚያም በመርከብ ወደ ቀርቀና ደሴት፣ የጓደኛዋ እህት ወደምትኖርበት ተሻገሩ። በዚያ አካባቢ ባሕሩ ጥልቅ አይደለም፤ ሰው እስኪደክመው ወደ ውስጥ ቢራመድ ውሃው ከጉልበቱ አያልፍም። ሁለቱ ሴቶች ልብሳቸውን ሰብስበው፣ ማለዳ፣ ሰማዩና ውሃው አንድ በሆነበት ሰዓት ገቡ። አሸዋው ከእግራቸው ሥር ለስላሳ ነው። ከፊታቸው ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚያጠምዱበት የዘንባባ አጥር ውሃው ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ መጀመሪያውና መጨረሻው አይለይም።

«አንድ ነገር አስቤ ነበር» አለች ራውያ። «ማሽኖቹ መኖራቸውን እርስ በርስ ባያውቁስ?»

«ዝም በይ» አለች ጓደኛዋ። «ዓሣው ይሸሻል።»

ትንሽ ተራመዱ። ውሃው ብርሃኑን ይዞ ይወዛወዛል።

«ባያውቁስ ማለት?» አለች ከዚያ፣ ቆም ብላ።